ምላስ ያስነከሰው የቡና ማሽን

ሰውዬው መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ከፊቱ «መምህር» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ፍሬን»። እኛም ፍሬን እንበለው፣ አይሰማንም። ቅጽል ስሙን በላቡ ነው ያገኘው። በማሰልጠኛ መኪና ውስጥ ከአሰልጣኙ እግር ሥር አንዲት ትርፍ የፍሬን ፔዳል አለች፤ የእሱ እግር እሷ ላይ እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ነው የሚውለው። በእሱ እጅ የሰለጠነ ሰው፣ መኪና በነጂው ፈቃድም ሊቆም እንደሚችል ሳያውቅ ኮርሱን ይጨርሳል። እግሩ ሲደክመው አፉ ይተካዋል። «ቀስ! ቀስ ነው ያልኩሽ! መስታወት! አየሽው? አየሁት እንዳትዪኝ፣ አላየሽውም! አንገትሽ መች ዞረና!»

ከአክስቱ የቡና ማሽን የተሰጠው እንግዲህ ይህ የተረጋጋ ሰው ነው።

አክስትየዋ በአንዲት ጠባብ መንገድ ጥግ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በቁልፍ ቀራጭ መካከል፣ ለብዙ ዓመት ትንሽ ካፌ ነበራቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ዘጉት። ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ስኒውም ለየሰው ተከፋፈለ፤ የቀረው ማሽኑ ነበር። አሮጌ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ውሃ ለማፍላት ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ በክንድ ነው። አናቱ ላይ አንድ ረጅም እጀታ ተተክሏል። እጀታውን ወደ ታች ሲስቡት ውስጡ ያለው ሞላ ይጨመቅና ሙቅ ውሃ ቡናው ላይ ይወርዳል፤ ሲለቁት ሞላው ፒስተኑን እየገፋ ቡናውን ያወጣዋል፣ እጀታውም እንደ ጨዋ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ከመቀመጫው ይነሳል። ይህ እንግዲህ ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ነው።

ያንን እጀታ ለዓመታት ስትስብ የኖረችው የፍሬን ታናሽ እህት ነበረች። ካፌው ሲዘጋ መነጽር ቤት ተቀጠረች። ማሽኑ የእሷ እንደሚሆን ዘመድ ሁሉ ስላወቀ ማንም አላነሳውም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ያወራል? አክስትየዋ ግን ለወንድምየው ደወሉና፣

«ና ውሰደው» አሉት።

ፍሬን «እህቴስ?» አላለም። «መኪና ይዤ ልምጣ?» ነው ያለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቱ አኮረፈችው። ከአክስትየዋ ጋር አልተጣላችም፤ አክስት ማኩረፍ ጣጣው ብዙ ነው፣ ወንድም ግን ለዚሁ የተፈጠረ ነው። ድሮ «ወንድም ጋሼ» ትለው የነበረችው ልጅ፣ ስሙ ሲነሳ «ያ ሰውዬ» ማለት ጀመረች። ፍሬንም ኩራቱ አይፈቅድለትምና፣ «ትመጣለች፣ የት ትሄዳለች» እያለ ተቀመጠ። አልመጣችም። የምትሄድበት ነበራት።

ማሽኑ ወጥ ቤት ገባ። መክተፊያው ወደ መስኮት ተሰደደ፣ የዳቦው ሳጥን ፍሪጅ ላይ ወጣ። ባለቤቱ እጇን አጣጥፋ አየችው። እሷ የኢንተርኔት ድርጅት የቅሬታ ስልክ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስድብ በማር ለውሳ ስትመልስ ስለምትውል፣ ቤት ስትገባ ማሩ አልቆ ነው የምትገባው።

«ይሄ ማሽን ነው ወይስ ተከራይ?» አለች።

«ነገ ጠዋት ቡና ስትጠጪ ትነግሪኛለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ፍሬን ማሽኑን ሰካ። የግፊት መለኪያዋ መርፌ ወዲያው ተነስታ አረንጓዴው ላይ ቆመች። ፍሬን ደረቱን ነፋ። ይህን ያህል ፈጥኖ የሚሞቅ ማሽን በዓለም ላይ እንደሌለ ለሚስቱ ነገራት። ከዚያ እጀታውን ሳበ፣ ለቀቀ፣ ስኒውን አቀረበላት።

ቀመሰች። ለብ ያለ ነው። ጎምዛዛ ነው። ቡና በአጠገቡ ያለፈ ውሃ ይመስላል።

«እንዴት ነው?»

«ደንበኛችን» አለች በሥራ ድምጿ፣ «ስለደወሉልን እናመሰግናለን። ማሽኑ ተሰክቷል?»

«ተሰክቷል እንጂ! መርፌዋን አታይም?»

«አጥፍተው መልሰው አብርተውታል?»

ፍሬን ቀልድ አልወደደም። ከምርመራ በፊት ፍርድ የማይሰጥ ሰው ስለሆነ፣ መጀመሪያ የፈረደው ቡናው ላይ ነው፤ ቀየረው። ቀጥሎ ውሃው ላይ ፈረደ፤ የታሸገ ውሃ በካርቶን ተሸክሞ መጣ። ከዚያ መፍጫው ላይ፣ ከዚያ ስኒው ላይ፣ ከዚያ የወጥ ቤቱ መስኮት በሚያስገባው ብርድ ላይ ፈረደ። ማሽኑ ላይ አልፈረደም፤ መርፌዋ አረንጓዴ ላይ ናታ! እራሱ ላይ መፍረድንማ ጨርሶ አላሰበውም።

«ለእህትህ ደውልላት» አለች ሚስቱ።

«ለምን?»

«ስለምታውቀው።»

«እኔ ሞተር የማውቅ ሰው ነኝ!»

«መንዳት ነው የምታውቀው። እሱንም የሚነዱት ሌሎች ናቸው።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ነገሩ፣ ፍሬን ለእህቱ በመደወል ፈንታ ታች ቤት ያሉትን ጎረቤት ጠራ። ጎረቤትየው ዕድሜያቸውን በሙሉ አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚጠገን ነገር ርቧቸዋል፤ ከአሳንሰር ሌላ ነገር ግን አያውቁም። ገብተው ጆሯቸውን ማሽኑ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፍሬን ትንፋሹን ዋጠ።

«ኬብሉ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ኬብል የለውም።»

«የለውም?» ጆሯቸውን አነሱና አሰቡ። «እንግዲያው ጎሚኒው ነው። ኬብል ካልሆነ ጎሚኒ ነው። ሌላ ምን አለ?»

ፍሬን ይህን ጥልቅ ትንታኔ ሰምቶ ረካ። በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ለፒስተኑ አዲስ ጎሚኒዎች፣ ውሃ እንዳይሾልክ የሚያግዱ የጎማ ማሸጊያዎች፣ ገዛ፣ ካቻቪቴና ፒንሳውን ጠረጴዛ ላይ ደረደረና የማሽኑን አንገት ፈታ። ደህና የሚሄዱት አሮጌ ጎሚኒዎች ወጡ፤ ቆሻሻ ውስጥ ተጣሉ። አዲሶቹ ገቡ። በየት በኩል እንደገቡ አትጠይቁኝ፤ እሱም እራሱን አልጠየቀም። መልሶ ሲገጥም አንድ የብረት ቀለበት ተረፈው።

«ይሄስ?» አለች ሚስቱ።

«ትርፍ ነው። ፋብሪካው ለጥንቃቄ የሚጨምረው ነው።»

ሚስቱ ቀለበቷን አንስታ የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። ቅሬታ የሚቀበል ሰው ማስረጃ አይጥልም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ማሽኑ መጥፎ ቡና ነበር የሚያወጣው። ከጥገናው በኋላ ይህም ቀረ። ውሃው ከላይ በጎኑ እየተንጠባጠበ ወጣ፤ ስኒው ውስጥ የሚገባ ግን ጠፋ። ፍሬን እጀታውን ሳበ፤ እንደ ላላ በር ዝም ብሎ ወረደለት። ክብደት የለውም። «ቡናው ለምንድነው የማይወርደው?» ብሎ ጎንበስ አለና፣ አገጩን ከእጀታው ልክ በላይ አድርጎ፣ ከሥር ለማየት አንገቱን አሰገገ። በተሻለ ለማየት ደግሞ እጁን ለቀቀ።

የሚቃወመው ያጣ ሞላ ምሕረት አያውቅም። እጀታው እንደ ጨዋ ሽማግሌ መነሳቱን ትቶ እንደተፈታ በቅሎ ተስፈነጠረ። ሚስቱ ከሳሎን «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ ከባልየው አፍ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ሰማች፦ ጸጥታ።

ስትገባ ፍሬን ወለሉ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ አፉን ይዟል። ጥርሶቹ በተአምር ሁሉም አሉ። ምላሱ ግን በመካከላቸው ነበረች።

ሐኪሙ ምላሱን ሰፋለትና ቁስሉ እስኪጠግግ አንዲት ቃል እንዳይናገር አስጠነቀቀው። «ትኩስ ነገርም አይጠጡ» አለው፤ «ለመሆኑ ምን ሲሠሩ ነው?»

ፍሬን መልስ እንዳይሰጥ በሕግ ተከልክሏልና ሚስቱ መለሰች፤ «ቡና ሲያፈላ።»

ሐኪሙ መዝገቡ ላይ ምን እንደጻፈ አይታወቅም፤ ብዕሩ ግን ለአፍታ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ፍሬን ሥራ ገባ። ቤት ቢቀመጥ ማሽኑን ሲያይ ሊውል ነው። ተማሪዎቹ መኪና ውስጥ ገቡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ የተለመደውን ውርጅብኝ ለመቀበል ትከሻቸውን ሰበሰቡ። የሚመጣ ነገር የለም። ዞር ብለው አዩት። ፍሬን በጣቱ «ሂዱ» አላቸው። ሄዱ። ደጋግማ ፈተና የወደቀች አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በእሱ ጩኸት ግራና ቀኟ እየተምታታባት፣ ፈተና ላይ ስትቀመጥ ፈታኙ ሳይናገር እንኳን የምትደነግጥ። በዚያ ሰሞን ቆማ፣ አይታ፣ ዞራ፣ አሳልፋ መንዳት ጀመረች። ፈተናዋንም አለፈች። ቢሮ መጥታ በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«መምህር፣ ምን እንዳስተማሩኝ አላውቅም፤ ብቻ ይኼ የሰሞኑ አስተማመርዎ ልዩ ነበር። ለታናሽ እህቴም እንደዚሁ ያድርጉላት።»

ፍሬን ሊመልስላት አፉን ከፈተ፣ ስፌቱ ጠቀሰው፣ መልሶ ዘጋው። ለራሱ ግን ልጅቱ ያለፈችው እሱ ቀድሞ የዘራው አሁን በመብቀሉ እንደሆነ አስረዳው። ሰው ለራሱ ሲያስረዳ ምላስ አያስፈልገውም።

ሚስቱም ይህን ዕድል አላባከነችውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባልየው ሾርባውን በመምጠጫ እየጠጣ ሳለ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ስልኳን አነሳች።

«ለእህትህ ልደውል ነው» አለችው። «የምትቃወም ከሆነ ተናገር።»

ፍሬን እጁን አወናጨፈ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጠረጴዛ መታ። ሾርባው ተደፋ።

«ተቃውሞ አልሰማሁም» አለችና ደወለች።

እህትየዋ መጀመሪያ «ያ ሰውዬ» ምን እንደሆነ ለመስማት እንኳን አልፈለገችም። ምላሱን እንደነከሰና መናገር እንደማይችል ስትሰማ ግን ጆሮዋን ሰጠች።

«ጨርሶ?» አለች።

«ጨርሶ።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ፍሬን ከፈተ። እህቱ ናት፤ ከሥራ ቀጥታ ነው የመጣችው፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ከቦርሳዋ ጎን ወጥቶ ይታያል። ከኋላዋ ደግሞ አክስትየዋ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃውን እየረገሙ ይወጣሉ።

«እንደምን ዋሉ?» አለችው እህቱ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «እርስዎን ለማስቸገር አልነበረም። ባለቤትዎ ጠርታኝ ነው።»

ፍሬን ቢሰደብ ይሻለው ነበር። ያዘላትን፣ ፀጉሯን የጎነጎነላትን ልጅ «እርስዎ» ስትለው፣ በር ላይ እንደ ቆመ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ተሰማው። ከመንገዱ ገለል አለ።

አክስትየዋ ሳይቀመጡ፣ ሳይተነፍሱ፣ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ አንገታቸውን አሰገጉ። «እንዴት ነው? ተሰበረ?»

«አልተሰበረም፣ እትዬ» አለች ሚስትየዋ። «እሱን ነው የሰበረው።»

«እስካሁን አልተሰበረም?» አሉ አክስትየዋ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ደስታ አልነበረም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለእኔ ሻይ። ቡና ጨጓራዬን ያቃጥለኛል።» ዕድሜያቸውን ቡና ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው።

እህትየዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። ማሽኑን ሰካችና እንደ ልጇ ጎኑን ዳበሰችው። መርፌዋ እንደ ልማዷ ወዲያው ተነስታ አረንጓዴ ላይ ቆመች። ፍሬን ሁለት እጁን ዘርግቶ «ይኸው!» አለ፣ በእጁ።

«ይኸው ምን?» አለች እህቱ። «ይቺን አምነው ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የተቀመጡት? ይሄ እኮ አየር ነው! ሲጠፋ የገባ አየር ውስጡ ታምቆ መርፌዋን ይገፋታል። መርፌዋ ሙሉ ነው ትላለች፣ ማሽኑም አምኗት ማሞቁን ይተዋል፣ ውሃው ግን ገና ለብ እንዳለ ነው። በባዶ ሜዳ መነፋት ማለት ይሄ ነው።»

ሚስትየዋ ወደ ባልዋ ዞር ብላ አየችው።

እህትየዋ የእንፋሎቱን ቧንቧ ከፈተችው። ማሽኑ «ፍፍፍፍ» ብሎ ተነፈሰ፣ መርፌዋ አፍራ ወደ ታች ወደቀች። ከዚያ ነጭ እንፋሎት መውጣት ሲጀምር ዘጋችው፤ መርፌዋም አሁን በዝግታ፣ እንደ ሠራተኛ ሰው፣ መነሳት ጀመረች። ፍሬን ቆሞ አየ። ይህን ያህል ነገር ነበረ። ቧንቧ መክፈት።

«አሁን ይሠራል» አለች እህቱ በኩራት። ቡና ሞላች፣ እጀታውን ያዘች፣ ሳበች።

እንደ ላላ በር ወረደ።

እጀታውን ቶሎ አጥብቃ ያዘችው፤ አገጯ እንደ ወንድሟ ከእጀታው በላይ አልነበረም። ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችውና ግንባሯን ቋጠረች። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ከእኔ ጋር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

«ጎሚኒ ቀይሮለታል» አለች ሚስትየዋ። የማንኪያ መሳቢያውን ከፍታ የብረት ቀለበቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይቺም ተርፋዋለች።»

እህትየዋ ቀለበቷን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ቀለበቷን አየች። «ፈቱት?»

ፍሬን ጣሪያውን አየ።

«እኔ እንኳን እዚያ ሁሉ ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ፈትቼው አላውቅም! ባለሙያ እየመጣ ነበር የሚፈታው። እትዬ፣ ያ ባለሙያ የት ሄደ?»

«ሞተ» አሉ አክስትየዋ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

እንግዲህ ምርጫ አልነበረም። ማሽኑ ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ አንገቱ ተፈታ። ፒስተኑ ጋዜጣ ላይ ተጋደመ። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ አስከሬን መርማሪ አዩት። ጎሚኒዎቹ በአንድ በኩል ከንፈራቸው ገለበጥ ያለ፣ እንደ ትንሽ ሳህን ጎድጎድ ያሉ ናቸው።

«ቀለበቷስ ከሥር ነበረች፣ አሻራዋ ይኸው» አለች እህትየዋ። «ጎሚኒዎቹ ግን አፋቸው ወደየት ነበር? ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ያወጧቸውን አሮጌዎቹን አሳዩኝ።»

ፍሬን ወደ ቆሻሻ መጣያው አመለከተ፤ ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ፤ ከዚያ ወደ ሩቅ።

«ጣልካቸው?» ድምጿ ከፍ አለ። «አንተ! ሰው አዲስ ሳይገጥም አሮጌውን ይጥላል? ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ፤ የብስክሌቴን ጎማ ልጠግን ብለህ…» አቋረጠች። «እርስዎ»ው የት እንደወደቀ ራሷም አላወቀችም፤ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳውም ሰው አልነበረም።

ፍሬን ጎሚኒውን ከእጇ ተቀበለና ወደ ብርሃን ያዘው። ገለበጠው። አንድ ነገር ትዝ አለው። ይሄን ቅርጽ ያውቀዋል! ለጀማሪዎች የፍሬን አሠራር ሲያስተምር ጠረጴዛ ላይ የሚያሳየው የተቆረጠ ሲሊንደር አለ፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ልክ እንዲህ ነው፤ አፉ ሁልጊዜ ግፊቱ ወደሚመጣበት ነው የሚዞረው። ፈሳሹ ሲገፋው ከንፈሩ ይነፋና ግድግዳውን ይይዛል። ከተገለበጠ ያሳልፋል። በየሳምንቱ የሚያስተምረው ነገር ነው። ዘሎ ተነሳና ወለሉን በቀኝ እግሩ መርገጥ ጀመረ።

«አመመህ?» አለች እህቱ።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ረገጠ። በጣቱ ጎሚኒውን አሳየ፣ ረገጠ።

«አገጩን ብቻ አይደለም የመታው ማለት ነው» አሉ አክስትየዋ።

ፍሬን ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ከበሩ ኋላ የተንጠለጠለውን ጃንጥላ አየ። ሮጦ አመጣው፣ ወጥ ቤቱ መሃል ከፈተው፣ ስኒ መደርደሪያው ለጥቂት ተረፈ። የጃንጥላውን ሆድ ወደ ሚስቱ አዙሮ በዓይኑ «ንፊ» አላት። ሚስቱ በዚህ ትዳር ብዙ ነገር አይታለችና ጉንጯን ሞልታ ነፋች። ጃንጥላው እንደተወጠረ ቆመ። ከዚያ ገለበጠውና ጀርባውን ሰጣት፤ በእጁም ነፋሱ በጎንና በጎን ሾልኮ ሲያልፍ አሳየ። ደግሞ ጎሚኒውን አነሳ። ሆዱን ጠቆመ። ውሃው ወደሚመጣበት አዞረው።

እህትየዋ አፏን ከፍታ ቀረች። «አፉ ወደ ግፊቱ! ወንድም ጋሼ፣ አፉ ወደ ግፊቱ ነው የምትለው!»

ፍሬን ጃንጥላውን ይዞ አንገቱን እስኪያመው ነቀነቀ።

«አንተ የገጠምከው ደግሞ በተቃራኒው ነው።»

ነቀነቀ፤ በመጠኑ።

ጎሚኒዎቹ ዞሩ፣ ግሪስ ተቀቡ፣ ቀለበቷ ቦታዋን አገኘች፣ ብሎኖቹ ጠበቁ። ማሽኑ ተሰካ፣ ተነፈሰ፣ ሞቀ። እህትየዋ እጀታውን ሳበች፤ አሁን ከበዳት፣ ትከሻዋን ጭምር ነው ያዋለችው። ለቀቅ አደረገችው። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቡናው እንደ ማር እየተሳበ ስኒው ውስጥ ወረደ፣ ቡናማ አረፋው ከላይ ተኛ፣ እጀታውም በክብር ተነሳ። ቤቱ ሸተተ። ፍሬን ያለ ድምፅ አጨበጨበ።

«ሠራ?» አሉ አክስትየዋ፤ ቤታቸው እንደተቃጠለ የተነገራቸው ይመስላሉ። ብርጭቆውን ቁጭ አደረጉ። «እኔ ምን ብዬ ነው ታዲያ ለዚህ ልጅ የሰጠሁት?»

ሦስቱም ዞረው አዩዋቸው።

«ምን ብለው ነው የሰጡት?» አለች እህትየዋ።

አክስትየዋ ነገር ማለዘብ የሚባል ሙያ አልተማሩም። «እንዲሰብረው ነዋ! ከልጅነቱ ጀምሮ የነካው ሁሉ እንክት ነው። ሬዲዮኔን፣ ሰዓቴን፣ የልብስ መስፊያዬን። ተማምኜበት ነበር! አሁን ሳይቸግረው ጠግኖ አረፈው።»

ፍሬን ቃል ባይወጣውም ፊቱ ላይ የሚታየው በቂ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ አክስቱ ከሁሉም እሱን የመረጡት ቁም ነገረኛ ስለሆነ መስሎት ነበር። ለሥራ ባልደረቦቹ ጭምር እንዲሁ ነው ያወራው።

«ለምን እንዲሰበር ፈለጉ?» እህትየዋ ድምጿ ቀነሰ።

«ላንቺ ብሰጥሽ ሌላ ጥግ ተከራይተሽ ካፌ ትከፍቻለሽ። አውቅሻለሁ። ክንድሽን ማታ ማታ እያሸሽ፣ እግርሽ እያበጠ፣ የእኔን ጉልበት እስክታወጪ ትቆሚያለሽ። አሁን ተቀምጠሽ ነው የምትሠሪው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ምን ጎደለሽ?»

«ላልከፍት እችል ነበር። ቢጠይቁኝ።»

«ብጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

እህትየዋ አሰበች። ውሸት አይሆንላትም። «እወስደዋለሁ ነበር የምለው።»

«ይኸው!»

«አዎ፣ ይኸው። ግን የምለው እኔ ነበርኩ፣ እትዬ። እርስዎ አይደሉም።»

 ማሽኑ ሲጥ ሲጥ ይላል። ፍሬን የሚያዝንበት ጉዳይ ነበረው፣ ግን ማንም ወደ እሱ አላየም፤ ይህ ጸብ የእሱ ኖሮ አያውቅም። እንደ ኳስ ማንጠሪያ ግንብ ነበር የተጠቀሙበት። እህቱ ያፈላችውን ስኒ አንስታ ቆማ ጠጣችው፣ ቀስ ብላ፣ እስከ ታች።

«እጄ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ረስቼው ነበር» አለች፣ ትከሻዋን እያሸች። ከዚያ ለወንድሟ፤ «አንተው ጋ ይቀመጥ። እኔ የማስቀምጥበት ቦታም የለኝ።»

አክስትየዋ ይቅርታ አልጠየቁም። ምርኩዛቸውን ፈለጉ፣ አገኙት፣ ተነሱ። ልጅቱ መነጽር ቤት ከተቀጠረች ጀምሮ ደጁን አንድ ቀን ያልረገጡት ሴት፣ በሩ ጋ ደርሰው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አድርገው፣

«ይሄ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ይንሸራተታል» አሉ። «ሰኞ ሱቅሽ ብመጣ ታዪልኛለሽ?»

«ጠዋት ሰው ይበዛል» አለች እህትየዋ። «ከሰዓት በኋላ ይምጡ።»

ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው። እስከ ታችኛው ፎቅ ድረስ ሲከራከሩ ይሰማ ነበር።

ፍሬን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ተማሪዎች መካከል ባገኘው ክፍተት ለእህቱ ደወለ። ሐኪሙ ጥቂት ቃል እንዲለማመድ ፈቅዶለታል። ብዙ ነገር ሊላት አስቦ ነበር፤ የወጣው ግን ያበጠ ምላስ የሚፈቅደውን ያህል ነው።

«ቡናውን… ምን ያህል… ልፍጨው?»

እህትየዋ ሳቀች። ከዚያ ነገረችው። በጣም ካደቀቀው እጀታው እንደማይነሳ፣ ካሻከረው እንደሚወረወር፣ በጣቱ መካከል አሽቶ ከደቃቅ ጨው ትንሽ የላመ መሆኑን እንዲያይ፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ትንሽ ሻከር እንዲያደርገው፣ የጠዋቱ የመጀመሪያ ስኒ ሁልጊዜ መጥፎ ስለሆነ ለሚስቱ እንዳይሰጣት። ከኋላዋ የአክስትየዋ ድምፅ «ይሄኛው ጉጉት ያስመስለኛል፣ ሌላ አምጪ!» ሲል ይሰማል። እህትየዋ «ቆይ እትዬ፣ ስልክ ላይ ነኝ» አለችና ወደ አፈጫጨቱ ተመለሰች። ፍሬን ሁለቴ መሃል ገብቶ የራሱን ሐሳብ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ምላሱ እምቢ አለችው። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ተማሪው መስኮቱን እያንኳኳ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።